ቆጣሪው የማያየው እሳት፦ ስለ ሸዋ ሮቢት የኃይል ፍጆታ አለካክ የቀረበ ሒስ

አንድ ከተማ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈጅ፣ የሚፈጀውም ኃይል ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ አስቀድሞ የሚያንኳኳው የመብራት ኃይልን በር ነው። ልማዱ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ በየወሩ ተነብቦ በመዝገብ የሚሰፍር ቍጥር የሚገኘው በዚያ ነውና። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ ከመዝገቡ የተቀዳው ቍጥር «የከተማው የኃይል ፍጆታ» የሚል ርእስ ተሰጥቶት በሠንጠረዥ ሲቀመጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምነቅፈው ይህን ርእስ ነው፤ ለምርመራውም ሸዋ ሮቢትንና በዙሪያዋ ያለውን የይፋት ቆላ ይዣለሁ።

ስለ ቦታው ጥቂት ልናገር፤ ነገሩ ከቦታው ጋር የተሳሰረ ነው። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ስትሆን ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ነው። ከጣርማበር ዋሻ የሚነሣ መንገደኛ ደብረ ሲናን አልፎ እስኪደርስባት ድረስ ከ1,700 ሜትር በላይ ቍልቍል ይወርዳል። በዚህ አጭር ጕዞ ውስጥ ልብሱን ብቻ ሳይሆን ማገዶውንም ሲለዋወጥ ያያል። በደጋው ባሕር ዛፍና ኩበት ይነድዳል፤ በቆላው የማሽላ አገዳና ግራር ይነድዳል፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ወሰን ሲሄዱ ደግሞ አፋሮች «ደርጊ ሐራ» የሚሉት፣ ከውጭ አገር መጥቶ በአዋሽ ሸለቆ የተንሰራፋው እሾሃም ዛፍ፣ ፕሮሶፒስ፣ ይገኛል። በከተማዪቱ ዙሪያ ገበሬው የሮቢንና የጀወሃን ውሃ እየጠለፈ ሽንኩርትና ማሾ ያመርታል።

ኤሌክትሪኩ ግን የይፋት አይደለም። ከአገር አቀፉ መሥመር የሚመጣ፣ በጊቤ፣ በበለስ፣ አሁን ደግሞ በዓባይ ውሃ የሚመነጭ ነው። እንግዲህ ከተማዪቱ ሁለት ዓይነት እሳት አላት፤ አንዱ ከሩቅ በሽቦ ይመጣል፣ ሌላው ከቅርብ በሰው ጀርባ፣ በአህያና በጭነት መኪና ይመጣል። የዘወትር መዝገብ ያለው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

«ከተማው ወደ ታዳሽ ኃይል በመሸጋገር ላይ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ዛሬ በየሪፖርቱ መግቢያ የሚገኝ ነው። ስለ ሸዋ ሮቢት ቢነገርና በመብራት ኃይል መዝገብ ቢመዘን እውነት ነው፤ እንዲያውም ሽግግሩ ካለቀ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከመቶው ከ90 እጅ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። የቀረውም ቢሆን አብዛኛው የነፋስ ነው፤ በአዳማ በሁለት ጊዜ የተተከሉት ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋዋት፣ የአሸጎዳው ደግሞ 120 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አላቸው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ በበኩሉ 5,150 ሜጋዋት የሚደርስ ዐቅም ጨምሯል። ስለዚህ ነገሩን በቆጣሪ ዐይን ለሚያይ ሰው ሸዋ ሮቢት፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ከካርቦን ነጻ እሆናለሁ ብላ ሳይሆንላት የቀረችውን ኮፐንሃገንን ቀድማለች ማለት ነው። በማለዳ ከየግቢው የሚወጣውን ጢስ ያየ ሰው ግን ይህን ሲሰማ ይስቃል። ለመሳቅም መብት አለው።

ከቆጣሪው ወጥቶ ሰፋ ያለውን መለኪያ ለሚፈልግ ሰው ነገሩ ይሻላል ወይ? አይሻልም፤ ይልቁንም ይብሳል። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች ሰባተኛው ስለ ኃይል የሚናገር ሲሆን ከመለኪያዎቹ አንዱ፣ ከአንድ አገር ጠቅላላ የኃይል ፍጆታ ውስጥ ታዳሹ ስንት እጅ እንደ ሆነ የሚጠይቀው ነው። በዚህ መለኪያ ማገዶና ከሰል ከታዳሹ ወገን ይቈጠራሉ። ስለዚህ ኢትዮጵያ በመቶው 90 አካባቢ ደርሳ ከዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት አገሮች ተርታ ትሰለፋለች። ይህን ማዕርግ ያስገኘላት ግን ዓባይ አይደለም፤ ጉልቻ ነው።

የዚህ መለኪያ ጠማማነት በአንድ ቤት ሲታይ ጎልቶ ይወጣል። አንዲት ወይዘሮ ዘመኗን ሁሉ በዕንጨት ስታበስል ኖራ፣ ጢሱ ዐይኗንና ደረቷን ስለ ጎዳት ገንዘብ አጠራቅማ ቡታጋዝ ብትገዛ፣ በሠንጠረዡ አቈጣጠር ታዳሹን ትታ የማይታደሰውን ይዛለችና የአገሪቱ ድርሻ በእሷ መጠን ዝቅ ይላል። ጎረቤቷ ደግሞ ድሮ በአንድ ሸክም የምታበስለውን በሁለት ሸክም ብታበስል ድርሻው ከፍ ይላል። እንዲህ ያለው መለኪያ ብክነትን ያስመሰግናል፤ ከጢስ መውጣትን ያስነቅፋል። ለመለኪያው ጠበቃ የሚቆም ሰው «ዕንጨት እኮ ተቈርጦ ይበቅላል» ይል ይሆናል። ይበቅላል፤ ነገር ግን የቱ ዕንጨት፣ የት፣ በስንት ዓመት? በደብረ ብርሃን ገደል ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ከጉቶው ዳግመኛ አቈጥቍጦ ከስድስትና ከሰባት ዓመት በኋላ ለመቈረጥ ይደርሳል፤ ባለቤትም አለው፤ ባለቤቱም ደግሞ ለመሸጥ ሲል ይጠብቀዋል። የቆላው ግራር ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ብዙውን ጊዜም የግጦሽ መሬት ላይ የቆመና ለብቻው ባለቤት የሌለው ነው። ፕሮሶፒሱ ደግሞ የእነዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሰው እየቈረጠው እንኳ መስፋፋቱን አልተወም፤ ቢቈረጥ ለግጦሹ ውለታ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከሰል ሆነው በአንድ ዓይነት ማዳበሪያ ታጭቀው በአንድ መንገድ ዳር ሲቆሙ ገዢው አይለያቸውም ይሆናል። ሠንጠረዡም አይለያቸውም። ለይፋት ቆላ ግን ልዩነቱ የመኖርና ያለመኖር ነው።

በከሰል ላይ ጥቂት ልቆይ። ብዙ ጊዜ ማገዶና ከሰል በአንድ መሥመር ተደምረው ሲጻፉ አያለሁ፤ ይህም በእኔ አስተያየት ከሌሎቹ ጕድለቶች ሁሉ የከፋው ነው። አስልተን እንየው። በአፈር ተዳፍኖ ከሚከስለው የዕንጨት ክምር፣ ከ100 ኪሎ ደረቅ ዕንጨት 15 ኪሎ ከሰል ቢገኝ ደኅና ነው። የደረቅ ዕንጨትን ሙቀት በኪሎ 16 ሜጋጁል፣ የከሰልን 29 ሜጋጁል ብለን ብንይዝ፣ በዕንጨቱ ውስጥ የነበረው 1,600 ሜጋጁል በከሰሉ ውስጥ 435 ብቻ ይሆናል፤ የቀረው ከተማ ሳይደርስ በዱር ጢስ ሆኖ ቀርቷል። ከሰሉ በተራ የቆርቆሮ ምድጃ ነዶ ከሙቀቱ አምስተኛው እጅ ለድስቱ ቢደርስ፣ ድስቱ ያገኘው 87 ሜጋጁል፣ ማለትም 24 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ከሚወስደው ኃይል ውስጥ ከዐሥሩ ሰባቱን እጅ ለድስቱ የሚያደርስ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይህንኑ ሥራ በ35 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሠራዋል። እንግዲህ አንድ ኩንታል ግራር በ35 ኪሎዋት ሰዓት ተመነዘረ ማለት ነው። ያው ኩንታል ዕንጨት ሳይከስል በሦስት ጉልቻ ላይ ቢነድና ከሙቀቱ ዐሥረኛው እጅ ብቻ ለድስቱ ቢደርስ እንኳ 160 ሜጋጁል ይሰጥ ነበር፤ ከከሰሉ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ታዲያ ከተሜው ከማገዶ ወደ ከሰል ሲሻገር ወጥ ቤቱ ከጢስ ይገላገላል፤ ጫካው ግን እጥፍ ይከፍላል። በሠንጠረዡ ላይ ይህ ሁሉ «ለውጥ የለም» ተብሎ ይነበባል፤ ሁለቱም በአንድ ስም ተደምረዋልና።

ቁጠባውም እንዲሁ አይታይም። ምርጥ ምጣድ ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር የዕንጨቱን ግማሽ ያህል፣ ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃም ከተራው ምድጃ ሩብ ያህሉን እንደሚያድን የታወቀ ነው። እነዚህ ምድጃዎች በአገራችን የኃይል ታሪክ ውስጥ ብዙ ሽቦ ያልሠራውን ሥራ ሠርተዋል። ያዳኑት ግን በማንኛውም ወርኃዊ መዝገብ አልገባም፤ ስለዚህ በከተማ ሪፖርት ሲመሰገኑ አይሰማም።

አሁን ወደ ቆጣሪው እንመለስ፤ ምክንያቱም ቆጣሪው በራሱ መስክ እንኳ የሚታመነውን ያህል አይታመንም። አንደኛ፣ ቆጣሪ ማቋረጥንና መቆጠብን አይለይም። መብራት ለሦስት ቀን ቢጠፋ ቤተሰቡ ከሰል አቀጣጥሎ ቡናውንም ወጡንም ይሠራል፤ በወሩ መጨረሻ ቆጣሪው ዝቅ ያለ ቍጥር ያሳያል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ከተማዪቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ የነበረውን የፍጆታ ንባብ ማንም «ቁጠባ» ብሎ አይተረጕመውም፤ ምክንያቱን ሁሉ ያውቀዋልና። ስሙ ያልታወቀ፣ በዜና ያልተነገረ የአንድ ሳምንት መቋረጥ ሲሆን ግን ያው ዝቅታ በሥዕላዊ መሥመር ላይ እንደ መልካም ዜና ሊነበብ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ከፊዚክስ የሚመጣ ነው። ሁላችን በላቦራቶሪ እንደ ተማርነው፣ ሽቦው የማይለወጥ የማሞቂያ ዕቃ የሚሰጠው ሙቀት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይሄዳል። 220 ቮልት ሊደርሰው የሚገባ ምጣድ ከመሥመሩ መዳከም የተነሣ አንድ አምስተኛው ጐድሎበት 176 ቮልት ቢደርሰው፣ ሙቀቱ አንድ አምስተኛ ብቻ አይቀንስም፤ ከመቶው 64 ብቻ ይቀራል። በዚህ ሙቀት የተጋገረ እንጀራ ዐይን አያወጣም፤ ከምጣዱም አልላቀቅ ይላል። ጋጋሪዋ ሊጡን ይዛ ወደ ማገዶው ምጣድ ትዞራለች። ቆጣሪው ግን የሚያውቀው ጥቂት ኪሎዋት ሰዓት መቈጠሩን ነው። ይህ ዓይነቱ መዳከም የሚከሰተው ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ በሚጋግርበት፣ በበዓል ዋዜማና በረመዳን የአፍጥር ሰዓት ላይ ነው፤ 3.5 ኪሎዋት የሚወስዱ 1,000 ምጣዶች በአንድነት ቢለኮሱ 3.5 ሜጋዋት ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ ጐን ለጐን በሚኖሩበት በይፋት ከተሞች እነዚህ ቀኖች በዓመት ውስጥ ጥቂት አይደሉም፤ የረመዳንም ወር በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚል፣ ያለፈውን ዓመት ወር ከዘንድሮው ተመሳሳይ ወር ጋር ማነጻጸር ብቻውን ያሳስታል።

ሦስተኛው የጋራ ቆጣሪ ጕዳይ ነው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ አከራይና ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ መጠቀማቸው በከተሞቻችን የተለመደ ነው። አንድ ቤተሰብ በአንድ ጋገራ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ምጣዱን ቢያነድ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በወር ዐሥር ጊዜ ቢጋግር 50 ይሆናል። የመብራት ታሪፍ ደግሞ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚፈጅ ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ የሚያስከፍል፣ ከዚያ በላይ በየእርከኑ የሚጨምር ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል ይህ የመጀመሪያው እርከን፣ ለድኻው ታስቦ፣ በ27 ሳንቲም አካባቢ እንዲቆይ ተደርጎ ነበር። ነገር ግን ሦስት ድኻ ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ከተደመሩ ምጣዳቸው ብቻ 150 ኪሎዋት ሰዓት ይሆንና ወደ ሦስተኛው እርከን ያወጣቸዋል። በመዝገቡ ላይ አንድ ሀብታም ቤት ሆነው ይታያሉ። ለድኻው የታሰበው ዋጋ ለብቻው ቆጣሪ ላለው ሰው ይሆናል፤ ተከራዩም አስልቶ ወደ ከሰሉ ይመለሳል። የቆጣሪን ብዛት ለቤተሰብ ብዛት እየተካ የሚያካፍል ተማሪ ሁሉ ይህን ልብ ሊል ይገባዋል።

የቆጠራና የናሙና ጥናት መጠይቆችስ? በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና የቤት ቆጠራ ቤተሰቡ ምግብ ለማብሰል በዋነኛነት የሚጠቀምበትን የማገዶ ዓይነት ጠይቋል። ጥያቄው ለቈጣሪው ይቀላል፤ ለተጠያቂዋ ግን መልስ የለውም። እንጀራው በኤሌክትሪክ፣ ወጡ በከሰል፣ ቡናው በከሰል፣ ጠላው በዕንጨት በሚሠራበት ቤት «ዋናው» የቱ ነው? በአንድ ቤት ውስጥ ሦስትና አራት ማገዶ ተደራርቦ መኖሩ የድኽነት ትርምስ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ከሰል አለ፣ ከሰል ሲወደድ አገዳ አለ፤ ይህ የታሰበበት ጥንቃቄ ነው። ኤሌክትሪክ ምጣድ መግዛት ማለት ከሰልን መተው ማለት አይደለምና፣ «ተሸጋገረ» የሚለው ግሥ በራሱ መመርመር አለበት።

እስካሁን ያልሁት ቆጣሪው አሮጌውን እሳት አለማየቱን ነው። የሚገርመው ግን አዲሱንም አለማየቱ ነው። የይፋት ቆላ የፀሐይ አገር ነው። በአገራችን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚያልፍ የፀሐይ ኃይል ይወርዳል። በገበያ ተገዝቶ ጣራ ላይ የተሰቀለው ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ፣ በእርሱ የሚሞላው ፋኖስና ስልክ በመብራት ኃይል መዝገብ አይገባም። እንዲሁም በወንዝ ዳር የሚሠራው የመስኖ ሞተር አይገባም። ሽንኩርት አምራቹ ነዳጁን በጀሪካን ነው የሚገዛው፤ ነዳጅ ማደያው ደግሞ የሸጠውን ሁሉ ከመኪናው ጋር በአንድነት ይመዘግበዋል። ስለዚህ የቀወት ሽንኩርት የጠጣው ነዳጅ በአገር ሒሳብ ውስጥ «መጓጓዣ» ተብሎ ይገኛል! ነገ ገበሬው ሞተሩን ጥሎ በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ቢተክል፣ እውነተኛው ሽግግር እርሱ ሆኖ ሳለ በማንኛውም መዝገብ ላይ በኃይልነቱ አይታይም፤ ምናልባት «መጓጓዣ ቀነሰ» የሚል ቍጥር ይተዋል።

ስለ ፀሐይ ፓምፕ አንድ ነገር በመንገዴ ላይ ልጨምር። ነዳጅ ውድ መሆኑ ገበሬውን ቢጎዳም ወንዙን ይጠብቀው ነበር፤ በየሊትሩ የሚያስብ ሰው ውሃውን ከመጠን በላይ አይስብም። ፀሐይ ግን ሒሳብ አትጠይቅም። በበጋ ወራት የሚቀጥነውን የሮቢን ውሃ ያየ ሰው፣ ፓምፕ የሚያድለው መሥሪያ ቤትና ውሃ የሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤት በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጡ ይመኛል። ይህ የኃይል ሳይሆን የውሃ ጥያቄ ነው ይባል ይሆናል፤ ገበሬው ግን ይህን ክፍፍል አያውቀውም።

ለነቀፌታዬ ሚዛን እንዲሆን የተሻለ ሥራም መኖሩን ልናገር ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ባንክ ያወጣው ስለ ኢትዮጵያ የኃይል ተደራሽነት የሚናገር ጥናት፣ «መብራት አለህ ወይስ የለህም?» የሚለውን የቀድሞ ጥያቄ ትቶ፣ ከዜሮ እስከ አምስት በሚደርሱ እርከኖች መብራቱ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቋረጥ፣ ቮልቴጁ ዕቃ እንደሚያቃጥልና እንደማያቃጥል፣ ዋጋው ከኪስ ጋር እንደሚስማማ ጠይቋል። ምድጃውንም ለብቻው መርምሯል። ከቤተሰቦች 57 በመቶው አንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ እንዳላቸው፣ ከእነዚህም 33ቱ ከመሥመር፣ 24ቱ ከመሥመር ውጭ፣ በብዛትም ከፀሐይ እንደሚያገኙ ያወቅነው ከእርሱ ነው። ለተማሪ የሚመከር ሥራ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ይጐድለዋል። አንደኛ፣ በአንድ ወቅት የተነሣ ፎቶግራፍ ነው፤ መከታተል ማለት ግን እየደጋገሙ ማየት ነው። ሁለተኛ፣ «ከተማ» እና «ገጠር» ብሎ ሲከፍል ብርዳሙን አዲስ አበባንና ሌሊት እንኳ ማራገቢያ የሚያስመኘውን ሸዋ ሮቢትን በአንድ ቅርጫት ያስቀምጣል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ሁሉም ሰው ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ፣ ከመቶው 65 እጅ በመሥመር፣ 35 እጅ ከመሥመር ውጭ እንዲሆን ግብ አድርጎ ነበር። ዓመቱ ግቡ ሳይሞላ አልፏል። ግብ አለመሙላቱን ለመንቀፍ ብዙ ብዕር አያስፈልግም፤ ጦርነት፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረትና የአገሩ ስፋት ሁሉም የሚያውቃቸው ናቸው። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ግቡ የተነገረው በተገናኙ ቤቶች ብዛት ነበርና፣ ቢሞላ ኖሮ እንኳ በይፋት ቆላ የሚከስለው ግራር በስንት እንደሚቀንስ ከራሱ ከግቡ ማወቅ አይቻልም ነበር።

ቀደምቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻሉ ነበር ብል ማጋነን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቼዘን የተባለው የኢጣሊያ ድርጅት ከመንግሥት ጋር ሆኖ ያካሄደው የኃይል ጥናት ዕንጨቱን፣ ኩበቱንና የእርሻ ትራፊውን ከነዳጁና ከኤሌክትሪኩ እኩል ቦታ ሰጥቶ መዝኗል። ከዚያ በኋላም የዕንጨት ሀብት ቆጠራና ስልታዊ ዕቅድ ፕሮጀክት የአገሪቱን የዕንጨት ክምችትና ፍጆታ በየወረዳው ለማወቅ ደክሟል። የሁለቱም ጕድለት መድገም አለመቻላቸው ነው። እንደ እነርሱ ያለ ሥራ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሰው ስለሚፈልግ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሠላሳ ዓመት ይጠቀሳል፤ ዛሬም ቢሆን ስለ ማገዶ የሚጻፉ አያሌ ጽሑፎች የሚጠቅሱት ያንኑ ቍጥር በሕዝብ ብዛት እያባዙ ነው። ሕዝብ በጨመረ መጠን ማገዶ በዚያው ልክ ይጨምራል የሚለው ግምት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የዓለምን ሊቃውንት «ዕንጨት በቅርብ ዓመት ያልቃል» አሰኝቶ በብዙ አገር ያልሠራ ግምት ነው። ዕንጨት ሲወደድ ሰው ዛፍ ይተክላል፣ ቅርንጫፍ ይለቅማል፣ ምድጃ ይለውጣል። የአዲስ አበባ ዙሪያ በባሕር ዛፍ የተሸፈነው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ የቍጥር ጥንቃቄ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጓደኛ ቢኖር፣ ሳያውቁ የሚወጣ ትእዛዝ ምን እንደሚያደርግ ቻድን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ የቻድ መንግሥት በረሃማነትን ለመከላከል ብሎ ከሰልን ባንድ ጊዜ ከለከለ። በኢንጃሜና ከተማ ምትክ ስላልተዘጋጀ ሰው የቤት ዕቃውን፣ ኩበቱንና የተክል ሥሩን አነደደ፤ ሴቶችም ለተቃውሞ ወጡ። በእኛም አገር ኬላ ላይ ከሰል መያዝ የተለመደ ነው። ነገር ግን ኬላው የሚይዘው ሰው የግራር ከሰል ይዞ ይሁን የፕሮሶፒስ፣ ነጋዴ ይሁን ሌላ መተዳደሪያ ያጣች ሴት፣ መዝገቡ የሚናገረው ስለ ቅጣቱ ብቻ ነው። ኬላው ለመቅጣት ሲል ያቆመውን ጭነት ለመቍጠር ቢያቆመው ኖሮ፣ እስካሁን የብዙ ዓመት መዝገብ ይኖረን ነበር።

ስለዚህ በሸዋ ሮቢት ለሚመደብ ተማሪ የምመክረው ሥራ በጀት የማያስፈልገው ነው። ወደ ከተማው በሚያስገቡት መንገዶች ላይ በየወሩ በተመረጡ ቀኖች፣ አንዱም የገበያ ቀን ሆኖ፣ የሚገባውን ከሰልና ዕንጨት ይቍጠር፤ ከየት እንደ መጣና የምን ዛፍ እንደ ሆነ ይጠይቅ። በተመረጡ ሃያ ወይም ሠላሳ ግቢዎች «ዋና ማገዶሽ ምንድር ነው?» ማለቱን ትቶ «ትናንት ምን በምን አበሰልሽ? መብራቱስ ስንት ሰዓት ቆየ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የትናንቱን ሰው አይረሳውም። በአንድ ቆጣሪ ስንት ምጣድ እንደ ተሰካ ይመዝግብ። በማደያው በጀሪካን የተቀዳውን ከመኪናው ለይቶ ይጻፍ፤ ይህን የሚለየው ከሠራተኛው ጋር በመልካም ከተግባባ ብቻ ነው። ቈጠራው በበጋም በክረምትም መሆን አለበት፤ በክረምት ዕንጨቱ ርጥብ ስለሚሆን ለአንዱ ድስት የሚፈጀው ይበዛል፣ የመስኖ ሞተሩ ደግሞ በዚያ ወራት ያርፋል።

ለሚጀምረው ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ማዳበሪያ መስፈሪያ አይደለም። በአፉ ላይ በቅጠልና በገመድ ተቈልሎ የታሰረው ከሰል ካልተቈለለው ጋር ብዙ ይለያያል፤ የግራር ከሰልም ከቀላል ዕንጨት ከሰል ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ በየጊዜው ጥቂት ማዳበሪያዎችን ከነጋዴው እየገዛ ወይም እየለመነ በሚዛን ይመዝን፤ የመዘነበትንም ቀን ይጻፍ።